ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ሲገባ አራሷን እንዴት እናስታምማት? ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

«ልጁን ሐኪሞቹ ይዘውታል፤ እርሷን ግን ምን እናድርጋት?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጎንደር ከባሎች፣ ከእኅቶችና ከአያቶች ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ የሚጠይቀኝ እናቲቱ እህል አልቀምስ ስላለች ነው፤ ሌላው ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስለምታነጋ፤ ሌላው ደግሞ ሕፃኑን ለማየት ስለፈራች ነው። ለእያንዳንዱ በቃል ከመድገም በአንድ ቦታ በዝርዝር ማስቀመጡ ስለሚሻል ይህን ጻፍሁ። የተጻፈውም ለእርስዎ፣ ለአስታማሚው ነው፤ ገና ከምጥ ወይም ከኦፕራሲዮን የተነሣች ሴት መመሪያ አንብባ ራሷን እንድታስታምም መጠበቅ አይገባምና።

አስቀድመው ይህን ይያዙ፦ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ ሰው ሙቀት ክፍል በሚለው ውስጥ፣ ሕፃኑን ነርሶችና ሐኪሞች ሌት ተቀን ይከታተሉታል። እናቲቱን ግን፣ በተለይ እርሷ ከማዋለጃ ክፍል ወጥታ ሕፃኑ ተኝቶ ከቀረ፣ በየሰዓቱ የሚያያት ሰው ከእርስዎ በቀር ላይኖር ይችላል። ወተቷ፣ ገላዋና ድምፅዋ ደግሞ ለሕፃኑ የሕክምናው አካል ናቸው። ስለዚህ የእርሷን አእምሮ መጠበቅ ሕፃኑ ከዳነ በኋላ የሚታሰብ ነገር ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። በጭንቀት ጊዜ የተነገረ ነገር ስለሚረሳ ወይም ተጣሞ ስለሚታወስ ሁሉም ይጻፋል።
- ማንቂያ ያለው ስልክ፣ ለወተት ማለቢያ ሰዓት።
- አፉ ሰፊ የሆነ፣ ክዳን ያለውና ሊቀቀል የሚችል ኩባያ። ክፍሉ የራሱን ዕቃ የሚሰጥ ከሆነ የእነርሱን ብቻ ይጠቀሙ።
- ፊት ለፊት የሚከፈት ቀሚስ፣ ሕፃኑን ደረት ላይ ለማሰር የሚሆን ንጹሕ ነጠላ፣ ለሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ።
- ጋቢ። የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፤ በተለይ ከመተማ ቆላ የመጣች አራስ ብርዱን አትችለውም።
- ሳሙና፣ ቴርሞስ፣ የእናቲቱ ካርድና የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር።
- እርስዎን የሚተካ ሁለተኛ አስታማሚ። ይህ ከዝርዝሩ ሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ ሌላው ቢጎድል ይህ አይጉደል።

ማስጠንቀቂያ፦ በኪራይ ቤት የምታድር ከሆነ ለሙቀት ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል።

1. በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑን እንድታየው ያድርጉ

ሐኪሟ ከፈቀደ በተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን ወደ ሕፃኑ ይውሰዷት፤ ያላየችውን ልጅ በሐሳቧ ስትስለው ከእውነቱ የከፋ አድርጋ ትስለዋለች። ከመግባቷ በፊት ምን እንደምታይ ይንገሯት። በአፍንጫው ወይም በአፉ የገባው ቀጭን ቱቦ ለወተት ወይም ለኦክስጅን መሆኑን፣ እግሩ ወይም ደረቱ ላይ የተለጠፈው ሽቦ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን ለመለካት መሆኑን፣ ዓይኑ ተሸፍኖ ካየች ይህ ለቢጫነቱ ከሚሰጠው የብርሃን ሕክምና ዓይኑን ለመከላከል መሆኑን ያስረዷት። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ሕፃኑ አደጋ ላይ ነው ማለት እንዳልሆነም ይንገሯት፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሽቦው ከቦታው ሲንቀሳቀስ ነው።

ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት አውልቃ እጇን እስከ ክንዷ በሳሙና ከታጠበች በኋላ፣ ነርሷ ስትፈቅድ፣ አንዱን እጇን በራሱ ላይ ሌላውን በእግሩ ላይ ሳታንቀሳቅስ ታሳርፍ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን መዳበስና መሻሸት ያደክመዋል፤ የረጋ ሙቅ እጅ ግን ያረጋጋዋል። ታናግረውም፤ ድምፅዋን ከማሕፀን ጀምሮ ያውቀዋል።

እናቲቱ ደባርቅ ወይም አይከል ተኝታ ሕፃኑ ብቻ ወደ ጎንደር ተልኮ ከሆነ፣ ክፍሉን አስፈቅደው ፎቶ ያንሡላትና በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይደውሉላት። ሰዓቱን አያዛንፉ፤ የዘገየ ስልክ ለእርሷ መጥፎ ወሬ ነው።

«አላየውም» ካለች አያስገድዷት፤ «ጨካኝ ናት» የሚል ሰውም እንዳይጠጋት። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሊሞት ይችላል ብላ የምትፈራውን ልጅ ላለመልመድ የምታደርገው መከላከል ነው። ኮፍያውን እንድታጥፍ፣ ወተቷን እንድትልክ፣ ከበር ላይ ሆና እንድታይ በማድረግ ቀስ ብለው ያቅርቧት።

2. ወሬውን አንድ ሰው ያምጣ፣ ለእርሷም ሳይቀነስ ይድረሳት

ሐኪሞች ሕፃናቱን ዞረው የሚያዩበትን ሰዓት ይጠይቁና በዚያ ሰዓት ይገኙ፤ የሚቻል ከሆነ እናቲቱ ራሷ አብራ ትስማ። በደብተሩ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ይግቡ፦ ዛሬ እንዴት አደረ? በራሱ ይተነፍሳል ወይስ በኦክስጅን? ምን ያህል ወተት ወሰደ? ክብደቱ ስንት ሆነ? ነገ ምን እንጠብቅ? እናቱ ዛሬ ምን ልታደርግለት ትችላለች? የመጨረሻውን ጥያቄ ፈጽሞ አይዝለሉት፤ እናትን ከተመልካችነት የሚያወጣት እርሱ ነውና። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት እንደሚቀንሱ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትም ወደ ልደት ክብደታቸው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ሊፈጅባቸው እንደሚችል አስቀድሞ ካልተነገራት፣ የቀነሰችውን እያንዳንዷን ግራም እንደ ሞት ምልክት ታያታለች።

በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ለአራስ አይነገርም። ልማዱ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ እዚህ ግን ይጎዳል። እናቲቱ የሰው ፊት ታነባለች፤ በር ላይ የሚደረገውን ሹክሹክታ ታያለች፤ አንድ ጊዜ እንደተደበቀባት ካወቀች «ደህና ነው» ሲሏትም አታምንም፣ እንቅልፍም አይወስዳትም። ስለዚህ የሕፃኑ ሁኔታ ከከፋ ሐኪሙ ራሱ፣ እርሷ ተቀምጣ፣ የምትቀርበው ሰው አጠገቧ ሆኖ፣ በቀላል ቃል እንዲነግራት ይጠይቁ። ከዚያም «የሰማሽውን ንገሪኝ» ብለው ምን እንደገባት ያረጋግጡ።

3. ወተት ማለብን በሰዓት ያስይዙ

ሕፃኑ መጥባት ባይችልም የእናቲቱ ወተት በቱቦ ወይም በኩባያ ይሰጠዋል። ከወለደች በኋላ በተቻለ ፍጥነት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ፣ በእጇ ማለብ ትጀምር፤ ከዚያ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሌሊትም ጭምር ትለብ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጅ እንዴት እንደሚታለብ ነርሷ ታሳያት። የመጀመሪያው ወፍራም እንገር ጠብታም ቢሆን አይደፋም፤ በበሽታ መከላከያ የበለጸገ ስለሆነ ለደካማ ሕፃን ከሁሉ ይበልጣል። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ቢበዛ ለ4 ሰዓታት ይቆያል፤ ኩባያው ላይ ስሟና ሰዓቱ ይጻፍበት።

ይህ ለአእምሮዋም መድኃኒት ነው፤ በዚያ ሁሉ መሣሪያ መካከል ማንም ሊተካት የማይችልበት ሥራ ይህ ነውና። ያው ነገር ግን ሊከብዳትም ይችላል። ጭንቀት ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ያዘገየዋል፤ ወተቱ ሲዘገይ ትጨነቃለች፤ ስትጨነቅ ይብሱን ይዘገያል። ስለዚህ ከማለቧ በፊት ሞቅ ያለ ነገር ትጠጣ፣ ጀርባዋን ይሹላት፣ የሕፃኑን ፎቶ ትይ፤ ኩባያው ውስጥ የገባውን መጠን ግን ጮክ ብለው አይቁጠሩ፤ ከጎረቤት አልጋ እናት ወተት ጋርም አያወዳድሩ።

4. ካንጋሮውን ያስጀምሩ

ሕፃኑን በእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማሰር ካንጋሮ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ባወጣው ምክር፣ ያለ ጊዜያቸው ወይም በዝቅተኛ ክብደት ለተወለዱ ሕፃናት ካንጋሮ ከልደት ጀምሮ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ አሳስቧል። በራሱ መተንፈስ የማይችል ወይም ደሙ በሰውነቱ በበቂ የማይዘዋወርለት (ሐኪሞች ሾክ የሚሉት) ሕፃን ግን እስኪረጋጋ ይቆያል፤ ጊዜውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እርስዎም «መቼ እንጀምር?» ብለው በየቀኑ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ጭቅጭቅ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናቲቱ ጡት ማስያዣዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከፍታ፣ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች። ሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲና የንጽሕና ጨርቅ ብቻ ለብሶ በሁለቱ ጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ ይደረጋል፤ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ አገጩ ወደ ደረቱ እንዳይታጠፍም፣ ወደ ኋላ እንዳይቀናም ይስተካከላል፤ የትንፋሽ መንገዱ የሚዘጋው በዚህ ስሕተት ነውና። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። ከዚያ ነጠላው የላይኛው ጠርዝ ጆሮው ሥር እንዲደርስ ተደርጎ ጠበቅ ብሎ ይታሰርና ከላይ ጋቢ ይደረባል። አንድ ጊዜ ከያዘችው ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቆይ፤ ቶሎ ቶሎ ማንሣትና መመለስ ሕፃኑን ያደክመዋል።

ካንጋሮ የሕፃኑን ሙቀትና ትንፋሽ ያረጋጋል፣ ወተቷን ይጨምራል፣ የእርሷንም ጭንቀትና የመደበት ስሜት ይቀንሳል። እርሷ ስትተኛ ወይም ስትታጠብ አባትየው ወይም አያትየው በደረታቸው ላይ ሊያስሩት ይችላሉ። አባቶች «እሰብረው ይሆን» ብለው ሲሸሹ አያለሁ፤ አንድ ጊዜ ከያዙት በኋላ ግን ተራቸውን የሚጠይቁት ራሳቸው ናቸው።

5. እንቅልፍና ምግብ

እንቅልፍ ማጣት የአእምሮ ሕመምን ይቀሰቅሳል፤ የነበረውንም ያባብሳል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሳይቋረጥ እንድትተኛ ተራ ያውጡ፤ ለምሳሌ ማታ በ3 ሰዓት ካለበች በኋላ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ትተኛ፣ በዚያ ጊዜ ስልኩ እርስዎ ጋ ይሁን። «የጠሩን እንደሆነ እቀሰቅስሻለሁ» ብለው ቃል ይግቡላት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። ቤቷ አዘዞ ሆኖ በታክሲ የምትመላለስ ከሆነ፣ በሆስፒታሉ ለእናቶች የሚሆን ማደሪያ እንዳለ ይጠይቁ፤ ኦፕራሲዮን የተደረገች ሴት በቀን ሦስት አራት ጊዜ መንገድ አትችልም።

አጥሚቱም ገንፎውም ሕፃኑ ታመመ ተብሎ አይቀርም። አራስነቷ ካልታወቀላት «የወለድሁ አልመስልህ አለኝ» ማለት ትጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቀንስላት። «ጾም ነው» ካለች የነፍስ አባቷን ያነጋግሩላት፤ ሙስሊም ከሆነችም ለምታጠባ እናት ጾሙ የሚዘገይበት ፈቃድ አለ።

6. ጠያቂን ያስተካክሉ

ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ሲሆን ጠያቂ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበል አይበል ይቸገራል፤ ዝም ብሎም ይቀመጣል። በሩ ላይ ሆነው «በሏት» ብለው ይንገሯቸው። ከሞት አፋፍ ተመልሳለች፣ ወልዳለች፤ ምርቃቱ ይገባታል። በአንጻሩ «ሌላ ትወልጃለሽ»፣ «ከባድ ዕቃ አንሥተሽ ይሆናል»፣ «የእከሊት ልጅ እንዲሁ ሆኖ ሞተ» የሚሉ ቃላት እንዳይነገሩ ይከላከሉ። እናቲቱ አስቀድማ ራሷን እየከሰሰች ነው። ያለ ጊዜው መውለድ በአብዛኛው ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚከሰት ነው፤ ሐኪሙ ይህን በራሱ አንደበት እንዲነግራት ይጠይቁ፤ ከዘመድ ሲሰማ ማጽናኛ ብቻ ይመስላል።

ብዙ እናቶች ለማንም የማይናገሩት አንድ ፍርሃት አለ፤ ይኸውም ልጁ ሳይጠመቅ እንዳይሞት ነው። እርሷ 40 ወይም 80 ቀኗ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ነገሩን ማን እንደሚያስፈጽምላት አታውቅም። ሕፃኑ በጽኑ ከታመመ ከቀኑ በፊት ሊጠመቅ ስለሚችል፣ እርስዎ ሄደው የነፍስ አባቷን ያነጋግሩ፤ ስለ አፈጻጸሙም የክፍሉን ኃላፊ ያስፈቅዱ። ጠበል ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ በሕፃኑ አፍ አይገባም፤ አንጀቱ ገና አልጠነከረም።

7. በየቀኑ አራት መስመር ይጻፉ

ማታ ማታ በደብተሩ ላይ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንደበላች፣ ከሕፃኑ ጋር ምን ያህል እንደቆየችና ከተናገረችው ውስጥ ያሳሰበዎትን ቃል እንዳለ ይጻፉ። ቃሉን አያለዝቡት፤ ለሐኪም የሚጠቅመው እርሷ ያለችው እንጂ እኛ የተረዳነው አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ፣ መነጫነጭና ሆደ ባሻነት አብዛኞቹ ወላዶች ላይ ይታያል፤ በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ይበረታና በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ልጇ የታመመባት እናት ደግሞ የምታለቅስበት እውነተኛ ምክንያት አላት። ስለዚህ ዕንባውን ብቻ አይመልከቱ። የሚከተሉትን ይመልከቱ፦ ሕፃኑ ሲሻለው እርሷ የማይሻላት ከሆነ፤ ጊዜና ቦታ ተሰጥቷት እንኳ መተኛት ካልቻለች፤ ወሊዱን ደጋግማ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች የምትባንን ከሆነ፤ ወደ ክፍሉ መሄድ ካቆመች ወይም ከአልጋው ለአፍታም መለየት ካልቻለች፤ «ለልጄ አልረባውም» ካለች። ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን መብላትና መተኛት ከከለከላት፣ ለሕክምና ይቅረቡ። ብዙዎች «ከፍቶኛል» አይሉም፤ «ልቤ ይመታል»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ይላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚበረታ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ትኩሳት፣ ብዙ ደም መፍሰስ ወይም የትንፋሽ ማጠር የጭንቀት ምልክት ተደርገው አይታለፉ። ከወሊድ በኋላ የሚነሣ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አደጋ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ይታይ።

ራስን ስለ መጉዳት በቀጥታ ይጠይቋት፦ «አንዳንድ እናት እንዲህ ሲጨንቃት መኖር ያስጠላታል፤ አንቺስ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ያለውን ግን ያወጣዋል። «አዎ» ካለች ብቻዋን አይተዋትና በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳውቁ።

በዚያው ሰዓት የሚኬድበት ሁኔታ ደግሞ አለ። ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ከሰማች፣ ሕፃኑ ተቀይሯል ወይም ክፉ መንፈስ ነው ካለች፣ ሳትተኛ እያደረች ድካም ካልተሰማት፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ይህ ከ1,000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚነሣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ድንገተኛ ክፍል ትወሰዳለች፤ ሕመሙ ሲታከም ይድናል። ከሕፃኑም ጋር ብቻዋን አትተው።

8. ለሕክምና ሲቀርቡ

በመጀመሪያ ለሕፃኑ ነርስ ወይም ሐኪም «እናቱ አላማረችኝም» ብለው ደብተሩን ያሳዩ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ከዚያው መላክ ይቻላል፤ ወደ ቤት ከተመለሰች ደግሞ በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ ይጀመራል። የኤድንብራ መጠይቅ የሚባሉ፣ ስላለፉት 7 ቀናት ስሜቷ የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች ሊቀርቡላት ይችላሉ፤ ጥያቄዎቹን ስትመልስ ባል ወይም አማት አጠገቧ አይቀመጡ፣ እውነቱን አትናገርምና።

ሕክምናው እንደ ሁኔታዋ የምክር አገልግሎት፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ነው። ከማጥባት ጋር የሚስማሙ መድኃኒቶች ስላሉ «ወተቴን ያበላሽብኛል» ብላ እንዳትተወው ማጥባቷን ለሐኪሙ ይንገሩ። የድብርት መድኃኒት መሥራቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በ5ኛው ቀን «አልሠራም» ተብሎ አይቋረጥም። ጸሎቱና ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሂድ እንጂ መድኃኒቱን ጥሎ አይሁን።

ሕፃኑ ካረፈ

ይህም ይሆናል፤ ዝግጅት የሌለው ቤተሰብም እናቲቱን ሳያስበው ይጎዳታል። ልጇን ልታቅፈው ከፈለገች ይሰጧት፤ ካልፈለገችም አይግፏት። ሥርዓተ ቀብሩ እርሷ ሳትሰማ አይፈጸም። ወተቷ ከዚያም በኋላ ለቀናት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ይንገሯት፤ ካልተነገራት በጣም ያስደነግጣታልና፤ ጡቷ ሲወጠር ሕመሙን ለማስታገስ ያህል ትንሽ ብቻ ትለብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ታድርግ። አራስ ናትና የአራስ ምግቧና ዕረፍቷ ይቀጥል፤ በደረጃ 7 ያለው ክትትልም ለወራት አይቋረጥ።

9. ወደ ቤት ሲመለሱ

ሰው ሁሉ «አለፈ» ብሎ በሚበተንበት ጊዜ የብዙ እናቶች ጭንቀት ይጨምራል፤ ማሽንም ነርስም በሌለበት ትንፋሹን የምትቆጥረው እርሷ ብቻ ትሆናለችና። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሁለት ሌሊት ሕፃኑን ራሷ እየተንከባከበች እንድታድር ይጠይቁ፤ የሕፃኑን የአደጋ ምልክቶችም (አለመጥባት፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ) ጽፈው ይያዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መምጣቱን ትወቅ። በ6ኛው ሳምንት ሕፃኑ ሲከተብ እናቲቱም ስለ ስሜቷ ትጠየቅ፤ ድብርት ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- «አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይደርቃል» ማለት። ዕንባ ወተት አያደርቅም፤ ወተትን የሚቀንሰው ሳያልቡ መቆየት ነው።
- ባልየውን እንደ ገንዘብ አምጪና መድኃኒት ገዢ ብቻ መቁጠር። አባቶችም ይደበታሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቅባቸው በቁጣ፣ በመጠጥ ወይም ከሆስፒታል በመሸሽ ነው። እርሱንም «አንተስ እንዴት ነህ?» ይበሉት።
- «እንድትተኛ» ብሎ የሌላ ሰው የእንቅልፍ መድኃኒት መስጠት። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሕፃን ደረቱ ላይ አድርጎ መተኛት የለበትም።
- አንዱ አስታማሚ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻውን መቆየት። በየሦስት አራት ቀኑ ይቀያየሩ፤ ሲቀያየሩም ደብተሩን አብረው ያስረክቡ፤ ተተኪው ከሁሉ በፊት የደረጃ 7ን መስመሮች ያንብብ።